ማተርሆርን፦ መውጣት ግማሹ ነው

ራስ ዳሽን ከአውሮፓው ማተርሆርን ይበልጣል። የኛው ከፍታ እንደ ለኪው 4,533 ወይም 4,550 ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ የማተርሆርን 4,478 ሜትር ነው። በየትኛውም ልክ ቢሄዱ ከሃምሳ ሜትር በላይ እንበልጣለን። ራስ ዳሽን ግን የእግረኛ ተራራ ነው፤ አብዛኛውን መንገድ በቅሎም ትሄደዋለች፣ እጅ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ባለችው አጭር ድንጋይ ብቻ ነው። ማተርሆርን ላይ በተለመደው መንገድ ከመጨረሻው ማደሪያ በር እስከ ጫፉ 1,200 ሜትር ያህል ሽቅብ በእጅና በእግር ነው። ጫፉ ላይ ፎቶ ከተነሱ በኋላ ያው 1,200 ሜትር ቁልቁል ይጠብቃል፤ በጀርባ በኩል ዞሮ የሚወርድ የእግር መንገድ የለም። ከ1865 ወዲህ ከ500 በላይ ሰው ሞቶበታል። (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ብዙ ሰው የሚያውቀው በቸኮሌት ነው። ከዱባይ በሚመጣው የቶብለሮን ካርቶን ላይ የነበረው ሹል ተራራ እሱ ነው። የምርቱ ክፍል ወደ ስሎቫኪያ ሊሄድ ሲል፣ የስዊዘርላንድ ሕግ የአገሪቱን ምልክት በዚያ ዓይነት ዕቃ ላይ መጠቀምን ስለሚገድብ፣ በ2023 ሥዕሉ እንደሚነሳ ተነገረ። ተራራው ራሱ ግን መቼም የስዊዘርላንድ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ድንበሩ ጫፉ ላይ ያልፋል፤ በሰሜን የቫሌ ካንቶንና የዘርማት ከተማ፣ በደቡብ የጣሊያን አኦስታ ሸለቆና ብሬዩል-ቼርቪኒያ። ጣሊያኖቹ ቼርቪኖ ይሉታል።

አራት ፊት፣ አራት ሸንተረር አለው። በሰሜን ምሥራቅ ሆርንሊ፣ በደቡብ ምሥራቅ ፉርገን፣ በደቡብ ምዕራብ ጣሊያኖቹ የአንበሳ የሚሉት፣ በሰሜን ምዕራብ ትስሙት። የመጨረሻውን በላቲን ፊደል ያየ አማርኛ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ጀርመንኛው አነባበብ ከ«ት» ስለሚጀምር በዚያው እንለፈው። እዚህ በዋናነት የምጽፈው ስለ ሆርንሊ ነው፤ ከሚሞክሩት ሰዎች አብዛኞቹ የሚወጡት በእሱ ነው።

በአልፕስ የደረጃ አሰጣጥ ሆርንሊ «በመጠኑ አስቸጋሪ» ከሚባለው ወገን ነው። ከባዱ ድንጋይ ከአሥራ ሁለት ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ በሰው ሠራሽ ግድግዳ የሚለማመድ ጎረምሳ ይህን በስፖርት ጫማ ይስቅበታል። ችግሩ ያንን ደረጃ በወፍራም ቦት፣ በጨለማ፣ ገመድ ላይ ካለ ሌላ ሰው ጋር፣ ሳይቆሙ ለአራት ሰዓት መሥራት፣ ከዚያ ደክሞ ለአራት ሰዓት መውረድ ነው። ተራራው የሚፈትነው ፍጥነትን ነው። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ወደ ሰዓት ይመለሳል።

መጀመሪያ ድንጋዩን ማወቅ ይጠቅማል። የፒራሚዱ ዋና አካል ናይስ የሚባል፣ በግፊትና በሙቀት የተለወጠ አለት ነው፤ የመጣውም ከደቡብ፣ አድሪያ ከሚባለውና ቀድሞ የአፍሪካ ግንባር ከነበረው የምድር ቅርፊት ነው። ከእግሩ በታች ያለው አለት ደግሞ ቴቲስ የተባለው የጠፋ ውቅያኖስ ወለል ነበር። ሁለቱ አህጉራት ሲገፋፉ ውቅያኖሱ ተዘጋ፣ ከአፍሪካ ወገን የሆነው ቅርፊት በላዩ ላይ ተንሸራቶ ወጣ። ዘርማት ላይ «ጫፉ አፍሪካ ነው» የሚሉት ለዚህ ነው፤ አባባሉ ትንሽ ይቸኩላል እንጂ ሐሰት አይደለም። አፋር ላይ የተገላቢጦሹ እየሆነ ነው። እዚያ ምድር እየተሰነጠቀ ውቅያኖስ ሊወለድ ይዘጋጃል፤ በመስከረም 2005 ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል ስንጥቅ ተከፍቷል። አንዱ ውቅያኖስ የሚጀመርበትን የኛ ሰው በቅርብ ያውቀዋል፤ ማተርሆርን ያለቀበት ነው።

ለተራራ ወጪ ግን ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው የድርብርቡ ዘንበል ነው። የአለቱ ንጣፎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ያዘነብላሉ። ስለዚህ በጣሊያን በኩል ድንጋዩ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ በሆርንሊ በኩል ግን ወደ ውስጥ ያጋደለ ደረጃ ይመስላል። ይህን ያስተዋለው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር ነው። ከጣሊያን በኩል ደጋግሞ ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቶ ነበር። ምሥራቁ ፊት ከዘርማት ሲታይ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ እሱ ግን በረዶ ዓመቱን ሙሉ እንደሚተኛበት አየና፣ በረዶ የሚተኛበት ነገር ቀጥ ያለ ሊሆን አይችልም ብሎ አሰላ። ልክ ነበር።

ሐምሌ 14 ቀን 1865 ከቀኑ 7:40 ላይ ሰባት ሰዎች ጫፉ ላይ ደረሱ። ከጣሊያን በኩል ይወጣ የነበረው ዣን-አንትዋን ካሬል ከበታቻቸው ነበር፤ እሱ በራሱ መንገድ የደረሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የዊምፐር ቡድን ጫፉ ላይ አንድ ሰዓት ቆየ። ከዚያ ሲወርዱ የሆነው ነገር ዛሬም የሙያው ትምህርት ስለሆነ በዝርዝር ላንሳው። ከታች መሪው ሚሼል ክሮ፣ ከእሱ በላይ ዳግላስ ሃዶው የተባለ የ19 ዓመት ወጣት፣ ከዚያ ቄሱ ቻርልስ ሀድሰን፣ ከዚያ ሎርድ ፍራንሲስ ዳግላስ፣ ከዚያ የዘርማቱ መሪ ሽማግሌው ፒተር ታውግቫልደር፤ ዊምፐርና የታውግቫልደር ልጅ ከላይ። ሃዶው ልምድ ስላልነበረው ክሮ መጥረቢያውን አስቀምጦ እግሩን በእጁ እየያዘ መርገጫ ላይ ያሳርፍለት ነበር። ሃዶው ተንሸራቶ ክሮን ገጨው፤ ሁለቱ ሀድሰንንና ሎርድ ዳግላስን ስበው ወሰዱ። ከዳግላስና ከሽማግሌው መካከል የነበረው ገመድ ተበጠሰ፤ አራቱ በሰሜን ፊት ወደ ግግር በረዶው ወደቁ። የዳግላስ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የተበጠሰው ገመድ ይዘውት ከነበሩት ሦስት ዓይነቶች ደካማው፣ ለመጠባበቂያ የተያዘው ነበር። ቁራጩ ዘርማት ሙዚየም ውስጥ አለ። በጣት ውፍረት እንኳ የማይሞላውን ገመድ ያየ ሰው ነገሩ ገመዱ ብቻ እንደሆነ ያስባል፤ እኔ ግን አሰላለፉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ጠንካራው ሰው ከታች፣ ደካማው ከላዩ። ዛሬ መሪ ሲያወርድ ደንበኛው ከፊት ይቀድማል፣ መሪው ከበላዩ ሆኖ ገመዱን አጭርና ውጥር አድርጎ ይይዛል፤ መንሸራተት ገና ግማሽ እርምጃ ሳለ ይቆማል። ሁለት ጓደኛሞች ያለ መሪ ሲሄዱም ደንቡ ይኸው ነው፦ ሲወጡ ጠንካራው ይቀድማል፣ ሲወርዱ ጠንካራው ይከተላል። በድካም ሰዓት ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ወደ ዝግጅቱ እንምጣ። ወቅቱ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ድንጋዩ በበረዶ ተሸፍኖ ይቆያል። በወቅቱ ውስጥም ቢሆን አዲስ በረዶ ከጣለ ጥቂት ደረቅ ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ ለአምስት ሣንቲ ሜትር በረዶ ብላችሁ አትናቁት። መርገጫዎቹን ይደፍናል፣ ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት መስታወት ይሆናል። ሰማዩ ጥርት ብሎ መሪዎቹ ሁሉ ከተማ ውስጥ ቡና ሲጠጡ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

በጋው በጣም ሲሞቅ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ተራራውን ከውስጥ የሚያያይዘው በስንጥቆቹ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ ነው፤ ሲሚንቶው እሱ ነው ማለት ይቻላል። በሐምሌ 2003፣ በዚያ የሙቀት በጋ፣ ሆርንሊ ላይ 3,400 ሜትር አካባቢ ከ1,000 ሜትር ኩብ በላይ ድንጋይ ተንዶ ወረደ፤ በተላቀቀው ቦታ ላይ እርቃኑን የወጣ በረዶ ታየ። ላይ የነበሩትን ሰዎች በሄሊኮፕተር ማውረድ አስፈለገ። ከ2008 ወዲህ በዚያ ሸንተረር ላይ የስንጥቆቹን መከፈትና መዘጋት የሚለኩ መሣሪያዎች ተተክለዋል። በ2022 በጋም መሪዎች በናዳው ምክንያት ደንበኛ ማውጣት ያቆሙበት ጊዜ ነበር። ሌሊቱ ሳይቀዘቅዝ ካደረ፣ ማለትም ዜሮ ዲግሪ መስመሩ ከጫፉ በላይ ካደረ፣ ያን ቀን ይቅርባችሁ።

ዘርማት 1,608 ሜትር ላይ ናት። የግል መኪና አይገባባትም፤ ቴሽ ላይ አቁሞ በባቡር 12 ደቂቃ መሄድ ነው። ከከተማው ኬብል ካር ሽቫርትስዜ ድረስ፣ 2,583 ሜትር፣ ይወስዳል። ከዚያ ሆርንሊ ማደሪያ 3,260 ሜትር ላይ ነው፤ በደህና መንገድ ሁለት ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ። ማደሪያው ታድሶ በ2015፣ መጀመሪያ የተወጣበት 150ኛ ዓመት ላይ፣ ተከፈተ። 130 አልጋ አለው። ያኔ አዳሩ ከእራትና ቁርስ ጋር 150 ፍራንክ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ዋጋ ሲቀንስ አላየሁም። በአካባቢው ድንኳን መትከል ክልክል ስለሆነ አልጋ ሳይያዝ መሄድ ዋጋ የለውም። የተራራ መሪ ዋጋ ለብቻው ከ1,000 ፍራንክ በላይ ነው፤ አንድ መሪ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ተካፍሎ ማርከስ አይቻልም።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «እኔ ከፍታ ለምጃለሁ» ይላል። እውነት አለው፣ ግን ልምዱ አብሮ አይኖርም። ለንደን ወይም ቴል አቪቭ ጥቂት ወር የኖረ ሰው ሳንባው እንደ ጎረቤቱ ሆኗል። ስለዚህ ከሳምንት በፊት መምጣት ይሻላል። ክላይን ማተርሆርን የሚባለው ሌላ ጎረቤት ጫፍ ድረስ፣ 3,883 ሜትር፣ በኬብል ካር ወጥቶ ብራይትሆርንን፣ 4,164 ሜትር፣ በበረዶ ላይ መሄድ ለሳንባው ጥሩ ነው። ሪፈልሆርን የምትባለው 2,927 ሜትር ድንጋይ ደግሞ ለእጅና ለእግሩ። መሪዎችም ሰው የሚፈትኑት እንደነዚህ ባሉት ላይ ነው፤ በፈተናው ቀን «አይሆንም» ቢሏችሁ መከራከሩን ተዉት።

ዕቃ መቀነስ ራሱ ሙያ ነው። የራስ ቁር፣ የወገብ ማሰሪያ፣ የራስ ባትሪ ከአዲስ ድንጋይ ጋር፣ ባለ ጥርስ የበረዶ ብረት (ክራምፖን) በልኩ የተስተካከለ፣ ቀላል የበረዶ መጥረቢያ፣ ሁለት ጓንት፣ አንዱ ስስ ሆኖ ድንጋይ የሚይዝ፣ ሌላው ሞቃት። ለሁለት ሰው 40 ሜትር ነጠላ ገመድ በቂ ነው። ሦስት አራት የጨርቅ ማሰሪያ፣ አምስት ስድስት ካራቢነር (የገመድ ማያያዣ ቀለበት)፣ መውረጃ መሣሪያ። ውሃ አንድ ሊትር ተኩል፣ እየተጓዙ በአንድ እጅ የሚበላ ነገር። ቆሎ በኪስ ግሩም ነው፣ በጓንት ለመዝገን ካላስቸገረ። ቦርሳው ከስድስት ሰባት ኪሎ ካለፈ ያለ ጥርጥር ሁለተኛ ጃኬት ወይም የማያስፈልግ ብረት ገብቷል። ቦቱ ሶሉ ደረቅ፣ ክራምፖን የሚይዝ ይሁን፣ ግን አዲስ አይሁን።

ማደሪያው ላይ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት መድረስ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱ እራት አይደለም። በብርሃን ወጥቶ የመጀመሪያውን ግድግዳና ቀጥሎ ያለውን መቶ ሜትር ማየት ያስፈልጋል። ከበሩ ጥቂት ደቂቃ ሄዶ መንገዱ ገመድ በተሰቀለበት ቀጥ ያለ ድንጋይ ይጀምራል፤ ሌሊት ሰው ሁሉ የሚታፈነው እዚያ ነው። ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢና ከዚያ በኋላ ሲወጣ ቅደም ተከተል አለ፦ የዘርማት መሪዎች፣ ከዚያ ሌሎች መሪዎች፣ ከዚያ ያለ መሪ የሚሄዱ። ይህ ወረፋ ትዕቢት ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ለሁሉም ነው። መንገዱን የሚያውቀው ሰው ከፊት ከሄደ ድንጋይ የሚጥልባችሁ ይቀንሳል።

ከመጀመሪያው ግድግዳ በኋላ መንገዱ ከሸንተረሩ ጠርዝ ግራ፣ በምሥራቁ ፊት በኩል፣ ጎርፍ የቦረቦራቸው የሚመስሉ ሸጦችን እያቋረጠ ይሄዳል። እዚህ ነው ያለ መሪ የሚሄዱት የሚጠፉት። ስሕተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ግራውን አብዝተው ምሥራቁ ፊት መሃል ይገባሉ፤ የሌላውን የራስ ባትሪ ተከትለው የሚገቡም አሉ፣ ያም ሰው እንደነሱ ጠፍቷል። መለያው ቀላል ነው። ትክክለኛው መንገድ ላይ ድንጋዩ በመቶ ሃምሳ ዓመት እጅና እግር ተወልውሎ ያብረቀርቃል፣ የክራምፖን ጭረት አለበት። ድንጋዩ አፈር አፈር ሲል፣ ሲይዙት ሲነቀል፣ ጠፍታችኋል። ወደ ላይ «እናገናኘዋለን» ብሎ መቀጠል የለም፤ በመጡበት ተመልሶ ወደ ጠርዙ መጠጋት ነው። አንድ ጊዜ መጥፋት ግማሽ ሰዓት ይበላል።

ሶልቬይ የምትባለው የአደጋ ጊዜ መጠለያ 4,003 ሜትር ላይ፣ ሸንተረሩ ላይ እንደ ወፍ ጎጆ ተለጥፋ አለች። አሥር ሰው ታስተኛለች። ከእሷ በታችና ከእሷ በላይ ሞዝሊ የሚባሉ ሁለት ለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ፤ ስሙ በ1879 እዚያ ወድቆ የሞተ አሜሪካዊ ሐኪም ስም ነው። ሰውየው ከገመዱ ራሱን ፈትቶ ነበር። ሁለቱም ላይ ገመድ የሚታሰርበት ብረት ተተክሏል። የሰዓቱ ፍርድ የሚሰጠው እዚህ ነው። ከማደሪያው ሶልቬይ በሁለት ሰዓት ተኩል ከደረሳችሁ ቀጥሉ። ሦስት ሰዓት ከሞላችሁ አስቡበት፤ ካለፋችሁ ተመለሱ። «አየሩ ጥሩ ነው፣ ጉልበትም አለን» ማለት መልስ አይደለም፣ ምክንያቱም ያው ፍጥነት በመውረድ ላይ ሲባዛ ምሽት ላይ ያደርሳል። ሶልቬይን እንደ ሆቴል አስቦ መሄድም አለ፤ የተሠራችው ማዕበል ለያዘውና ለተጎዳ ሰው ነው።

ከሶልቬይ በላይ ጠርዙን ይዞ ወደ ትከሻው ይደረሳል። እዚያ በረዶ ይጀምራል፣ ክራምፖን ይታሰራል። በጠባብ ቦታ፣ በቀዘቀዘ ጣት፣ ሰው ከኋላ እየጠበቀ ስለሆነ ማሰሩን ቤት ውስጥ ጓንት አድርጎ አሥር ጊዜ መለማመድ አያሳፍርም። ቀጥሎ ወፍራም የተሰቀሉ ገመዶች ይመጣሉ። ሰው ሁሉ በክንዱ ይንጠለጠልባቸዋል፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ክንድ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። እግርን ድንጋዩ ላይ ከፍ አድርጎ ገፍቶ መነሳት፣ እጁ ሚዛን ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ነው ብልሃቱ። ከገመዶቹ በላይ ጣሪያ የሚሉት የበረዶ ተዳፋት አለ። የቅዱስ በርናርድ ሐውልት ከታየ ጫፉ ጥቂት እርምጃ ቀርቶታል።

ጫፉ ጠባብና ረጅም ጠርዝ ነው። የስዊዘርላንዱ ጫፍ 4,478 ሜትር ሲሆን፣ በአንድ ሜትር ገደማ የሚያንሰው የጣሊያኑ ወደ ምዕራብ ትንሽ ራቅ ይላል፤ የብረት መስቀሉ በዚያ በኩል ነው። ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። ሁለቱም አገሮች ሼንገን ውስጥ ስለሆኑ አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ቪዛም ቢሆን አይቃጠልም፤ ስዊዘርላንድ ከአውሮፓ የጉምሩክ ኅብረት ውጭ መሆኗ ግን አይረሳ፣ ሸቀጥ ይዞ ለሚመለስ ጉዳይ አለው።

ድንበሩ የተሰመረው በውሃ ክፍፍል ነው። ዝናቡ ወደ ሰሜን ከወረደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ደቡብ ከወረደ ጣሊያን። አለት ላይ ይህ አያስቸግርም። ከማተርሆርን በስተ ምሥራቅ፣ ቴስታ ግሪጃ በሚባለው ቦታ ግን ክፍፍሉ በግግር በረዶ ላይ ያልፋል፣ ግግሩ ሲቀልጥ መስመሩም ይሄዳል። የቴዎዱል ግግር ከ1973 እስከ 2010 ከክብደቱ ሩብ ያህሉን አጥቷል። 3,480 ሜትር ላይ ያለው የጣሊያን ማደሪያ በዚህ ምክንያት አብዛኛው አካሉ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ስዊዘርላንድ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ አገሮች ለዓመታት ሲነጋገሩ ቆይተው በ2023 ተስማሙ፣ ስዊዘርላንድ በመስከረም 2024 አጸደቀችው። በጉዳዩ ምግብ ቤትና የበረዶ ሸርተቴ ቦታ ስላለበት ነው እንጂ፣ ባዶ ገደል ቢሆን ኖሮ ማንም አይጣደፍም ነበር።

ጫፉ ላይ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ድረስ ያልደረሰ፣ ጫፉ ቢታየውም ባይታየውም ይመለስ። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ድንጋዩን ታላቅቃለች፣ ከጣሊያን በኩል ደመና ይነሳል፣ መብረቅም የሚመርጠው ይህንኑ ሹል ጫፍ ነው። ከነፋሱ ተቃራኒ ጎን ላይ እንደ ባንዲራ የሚውለበለብ ደመና ከታች ሲያዩት ያምራል፤ ላይ ላለ ሰው ነፋሱ እየበረታ መሆኑን ይነግረዋል።

አብዛኛው አደጋ በመውረድ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጉልበት ሲያልቅ ትኩረት አብሮ ያልቃል። ሰው ሲፈራ የሚያደርገው በገመድ እየተንጠለጠሉ መውረድን ማብዛት ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በ40 ሜትር ገመድ አንድ ጊዜ የሚወረደው 20 ሜትር ነው። ማሰሩ፣ ሁለት ሰው መውረዱ፣ ገመዱን መሳቡ 15 ደቂቃ ይፈጃል። 1,200 ሜትር በዚህ ከሆነ 60 ጊዜ፣ 15 ሰዓት ማለት ነው። ገመዱም በልቅ ድንጋይ ላይ ሲጎተት ድንጋይ ያወርዳል፣ ይጠላለፋል። ስለዚህ ሞዝሊዎቹና የተሰቀሉት ገመዶች ላይ ብቻ በመውረጃ መሣሪያ፣ የቀረውን ፊትን ወደ ውጭ አዙሮ በእግር። ይህን የማይችል ሰው ገና ለማተርሆርን አልደረሰም፤ ስድብ አይደለም፣ ሪፈልሆርን ላይ ተመልሶ የሚማሩት ነው።

አደጋ ከደረሰ በቫሌ በኩል 144፣ በጣሊያን በኩል 112። ስልኩ ጫፉ አካባቢ የየትኛውን አገር ኔትወርክ እንደሚይዝ መምረጥ ስለማይቻል፣ ስትደውሉ መጀመሪያ የምትናገሩት በየትኛው ሸንተረር፣ ከየትኛው ምልክት በላይ ወይም በታች እንደሆናችሁ ነው፤ ስንት ሰው እንደተጎዳ ቀጥሎ። ሄሊኮፕተር ሲመጣ ሁለት እጅ ወደ ላይ ማንሳት «እርዱን» ነው፤ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች «አያስፈልግም»። ለሄሊኮፕተር ሰላምታ በሁለት እጅ የሚያውለበልብ ሰው ምን እንደሚያስከትል ይታያችሁ። ዋጋው በሺህ ፍራንኮች የሚቆጠር ስለሆነ ከተራራ ማዳንን በስም የሚሸፍን ኢንሹራንስ ሳይኖር መነሳት የለም፤ የተራ ጉዞ ኢንሹራንስ ገመድ የሚያስፈልገውን ጉዞ ብዙ ጊዜ ያገልላል።

የአንበሳ ሸንተረር ለየት ይላል። ከብሬዩል፣ ኦሪዮንዴ ማደሪያን (2,802 ሜትር) አልፎ፣ የአንበሳ ማለፊያን (3,580 ሜትር) ተሻግሮ ካሬል ማደሪያ ይታደራል፣ 3,830 ሜትር ላይ። ሲነሱ የሚቀረው ከሆርንሊ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ንጣፉ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል ድንጋዩ ቀጥ ያለ፣ ሰንሰለትና ገመድ የበዛበት ነው። ጫፉ ሥር የገመድ መሰላል አለ። ጠንካራ የሆኑት በአንዱ ወጥተው በሌላው ይወርዳሉ። ሰሜን ፊትን እዚህ አላነሳም፤ የሚዩኒኩ ወንድማማቾች ፍራንዝና ቶኒ ሽሚድ በ1931 በብስክሌት መጥተው መጀመሪያ እንደወጡት ማወቅ ይበቃል፣ የሚሄድበት ሰው ይህን ጽሑፍ አያስፈልገውም።

በአንዱ ወጥቶ በሌላው የሚወርድ ሰው ሻንጣው ዘርማት ላይ ይቀራል። ከ2023 ሐምሌ ጀምሮ ክላይን ማተርሆርንን ከቴስታ ግሪጃ ጋር የሚያገናኝ ኬብል ካር ስላለ ከቼርቪኒያ በአየር ተሻግሮ መመለስ ይቻላል፤ ግን የመጨረሻው ኬብል ካር ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ነው የሚቆመው፣ ነፋስ ሲበረታም ጭራሽ አይነሳም። በመኪና መንገድ መዞር ካስፈለገ ደግሞ ሌላ የብዙ ሰዓት ጉዞ ነው። በሆርንሊ የሚመለስም ከሽቫርትስዜ የመጨረሻው ካር ካመለጠው 975 ሜትር በእግሩ ወደ ዘርማት ይወርዳል። ሰዓቱ በየወቅቱ ስለሚለወጥ፣ በምትወጡበት ቀን ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን በስልክ ፎቶ አንሱት።